ሳንጨምር የሚጨምረው ዘይት

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ማንም ስለማያነበው ግን ልጻፈው። ከሰው ድምፅ ይልቅ የሞተራችንን ድምፅ እወዳለሁ። ሰው ሲያናግረኝ ምን ብዬ እንደምመልስ ሳሰላስል ጥሎኝ ይሄዳል። ሞተሩ መልስ አይጠብቅም። አጠገቡ ተቀምጬ ሲንደቀደቅ ስሰማ ሆዴ ይረጋል። ትምህርቴንም ያቆምኩት በዚሁ ዓይን አፋርነቴ ነው፤ «ተነስተሽ አንብቢ» ሲሉኝ ድምፄ ይጠፋል። ከዚያ ወዲህ በአባዬ ጀልባ ላይ ገመድ እወረውራለሁ፣ ገመድ እሰበስባለሁ፣ የሰው ዕቃ እቀበላለሁ። ሰዎች «ጭምቷ» ይሉኛል። አይከፋኝም።

ዛሬ ያንን ሞተር መሃል ሐይቅ ላይ አጠፋነው።

ከወዲያ ማዶ ሰው ጭነን እየተመለስን ነበር። ሞተሩ ፊት ላይ የዘይት ጣሳ የተሣለባት አንዲት ትንሽ መብራት አለች። እስከ ዛሬ በርታ አታውቅም። ድንገት ቀይ ሆነች። አባዬ አላያትም። ፀሐይ ፊት ለፊቱ ስለነበረች ነው። እኔ አየሁ፤ ግን ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞሮ ስለተቀመጠ አፌን መክፈት ከበደኝ። ጉልበቱን ነካ አደረግኩት።

«ምነው?»

በጣቴ አሳየሁት። አፍንጫው መብራቷን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ አለ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋና መቅዘፊያውን አነሳ።

«ካፒቴን፣ ደረስን እንዴ?» አለ አንዱ ተሳፋሪ። ሰው ሳቀ። ጀልባችን ከአንድ ሚኒባስ የበለጠ ሰው ባትጭንም ሁሉም አባዬን ካፒቴን ነው የሚለው።

የአንድ ሌላ ጀልባ ነጂ፣ «ጥይቱ» የሚሉት፣ ውሃ እየረጨብን አለፈ። «ካፒቴን፣ ገመድ ልወርውርልህ ወይስ ትራስ?»

«ትራሱን ወርውር» አለው አባዬ፤ «እንግዶቼ ደክሟቸዋል።»

መሳፈሪያው ላይ ግን ሳቅ አልነበረም። ተራ አስከባሪው ፊሽካውን ከአንገቱ ላይ እያሽከረከረ ጠበቀን። «ሰው መሃል ውሃ ላይ ማቆም ምን የሚሉት ነው? የጀልባ ማኅበሩ ቢሰማ የሚበላው እኔን ነው። አንድ ጊዜ ከደገምክ ከተራ አወጣሃለሁ፤ ወዳጅነታችን እንዳለ ሆኖ።»

«ወዳጅነታችንን እዚያው አቆይልኝ» አለው አባዬ፤ «ሞተሩን አይቼ እመጣለሁ።»

እዚህ ጀልባ ሁሉ የሚጭነው በተራ ነው። ከተራ የወጣ ጀልባ ዳር ላይ ታስሮ ይበሰብሳል። አባዬ ደግሞ ሌላ ሥራ አያውቅም።


ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ሰው ሳይመጣ በጠዋት የሞተሩን ኮፈን ከፈትን። አባዬ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ጠረገው፣ መልሶ ከተተው፣ እንደገና መዘዘና ለኔ ሰጠኝ።

«አንቺ እይው። ያንቺ ዓይን ገና አዲስ ነው።»

ዘንጉ ላይ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ ዘይቱ በሁለቱ መሃል መሆን አለበት። የኛ ከላይኛው አልፎ ወጥቷል።

«ሞልቷል» አልኩት። «እንዲያውም አልፏል።»

«ታዲያ ምን ጎደለብኝ ብላ ነው የምትበራው?» ዘንጉን መለሰው። «ሰው ዘይቱ እየጎደለበት ያለቅሳል፣ የኛ ሳንጨምር ይጨምራል። በረከት ነው ልጄ፣ ዝም በይ።»

ሳቅን። መብራቷ ቀጣፊ ናት ተባለ።

ግን ማንም ሳያፈስበት ከየት መጣ? ቀኑን ሙሉ ጥያቄው አፌ ውስጥ ነበር። አልወጣም።


ኅዳር 7፣ ዓርብ

ዛሬም በራች። መንገድ ላይ አይደለም፤ መሳፈሪያው ጋ ደርሰን ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ዝም ብሎ ሲንተከተክ ነው። አባዬ ትንሽ ጋዝ ሲሰጠው ጠፋች። ተራ አስከባሪው እንዳያያት በጉልበቴ ጋረድኳት።

እማዬ ማታ የመርፌዋን ክር እንዳስገባላት ሰጠችኝ። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ክር ማስገባት ድሮ የአባዬ ሥራ ነበር። «የካፒቴን ዓይን» እያለ ይፎክርባት ነበር። ዛሬ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ሬዲዮ ይሰማል። ደክሞት ነው።


ኅዳር 9፣ እሑድ

ጋሽ ብሎን መጣ። መካኒክ ነው፤ የአባዬ የልጅነት ጓደኛ። ኪሱ ሁልጊዜ በብሎንና በዳዶ ስለሚሞላ ከመታየቱ በፊት ይሰማል።

«በሽተኛው የታለ?» አለ።

«ደህና ነው» አለ አባዬ። «መብራቱ ነው የሚቀባዥረው።»

ጋሽ ብሎን ካቻቪቴውን አወጣና ከመብራቷ እስከ ሞተሩ ሆድ የሚሄደውን ሽቦ በጣቱ ተከተለው። እኔን ባትሪ አስያዘኝ። አንድ ቦታ ላይ ሽቦው ኮፈኑን ሲታከክ ተልጦ አገኘነው፤ በፕላስተር ጠቀለለው። አስነሳነው። ሲሞቅና በዝግታ ሲንተከተክ እንደገና በራች።

«እሺ፣ ሽቦው አይደለም። እንግዲህ ወይ ግፊቱን የምትለካዋ ሴንሰር ተበላሽታለች፣ ወይ እውነቷን ነው።»

«እውነቷን ልትሆን አትችልም» አለ አባዬ፤ «ዘይቱ ሞልቷል።»

«መሙላት ሌላ፣ ግፊት ሌላ። አንተም ሆድህ ሞልቷል፣ ዳገት ውጣ ስልህ ግን ትቀመጣለህ።»

አባዬ ከት ብሎ ሳቀ። ደስ አለኝ። እንዲህ ከሳቀ ሰንብቷል።


ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ሴንሰሯ በሌላ ተቀየረች። መብራቷ በራች።

ቸኩያለሁ፣ ሰው እየተሳፈረ ነው።


ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ወዲያ ማዶ ትምህርት ቤት አለ። ደወሉ ውሃው ላይ ይሰማል። በፊት ደወሉ የሚደወለው ሰው አውርደን ገመድ ስፈታ ነበር። አሁን ሲደወል እኛ ገና መሃል ላይ ነን።

አስተማሪዋ ከዱሮ ጀምሮ በኛ ጀልባ ናት። ትምህርት ባቆምኩ ጊዜም አልቆጣችኝም፤ አንድ ባዶ ደብተር ሰጥታኝ «ሰው ፊት ማንበብ ካቃተሽ ለብቻሽ ጻፊ» ነበር ያለችኝ። የምጽፈው በሱ ነው። ዛሬ ከአባዬ ጀልባ አጠገብ ትንሽ ቆመችና ወደ ጥይቱ ጀልባ ሄደች። ስታልፍ ትከሻዬን ነካችኝ። «አትቀየሚኝ የኔ እህት፣ ልጆቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።»

አንድ ነገር ልላት ይገባ ነበር። ምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

አባዬ የሚቀመጡትን ሰዎች ሲቀበል ለአትክልት ነጋዴዋ «ቲቸር፣ እንደምን አደርሽ» አላት። ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። አባዬም ሳቀ። ጠዋት ጠዋት ጉም አለ፣ ሰው ከሰው አይለይም።


ኅዳር 16፣ እሑድ

ዛሬ ረጅም እጽፋለሁ። ጋሽ ብሎን ዘይቱንም የዘይቱን ፊልትሮም ሊቀይር መጣ። አባዬ አዲሱን ዘይት ሊያመጣ ሄዶ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። አሮጌውን ዘይት ባልዲ ውስጥ ሲያንቆረቁር እጁን አቆመ።

«ነይ እስቲ አሽትቺ።»

አሸተትኩ። ዘይት ብቻ አይደለም፤ ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

«ንኪው።»

በጣቶቼ መሃል አሸሁት። ዘይት ያሟልጫል፣ ግን ይይዛል። ይሄ አልያዘም፤ እንደ ውሃ ሸሸ። ጋሽ ብሎን ዝቅ ብሎ ባልዲው ውስጥ እያየ፣ ለኔ ይሁን ለራሱ ሳይታወቅ ነገረኝ። ሞተር ካልሞቀ ቤንዚኑን አቃጥሎ አይጨርሰውም። የተረፈው በፒስተኑ ዙሪያ እየተንጠባጠበ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይቱ ይበዛል፣ ግን ይቀጥናል። የቀጠነ ዘይት ግፊት የለውም፣ ስለዚህ መብራቷ ትበራለች።

«በረከት ነው ያላችሁት ቤንዚን ነው» አለኝ። «ዝም ብላችሁ ብትነዱ ኖሮ አንድ ቀን መሃል ላይ ብረት ብረትን ይበላና ሞተሩ ድርቅ ይል ነበር።»

ከዚያ ቤንዚኑን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ፈታ፤ ጥቀርሻ ለብሰዋል። የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታትም አውጥቶ ፈላ ባለ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ እንደሚገባው ተከፈተ። ደህና ነው። ጋሽ ብሎን ጢሙን አከከ።

«ታዲያ ለምን አይሞቅም? ይሄን ሞተር እንደ አራስ እያስታመመ የሚነዳው ሰው አለ።» ቀና ብሎ አየኝ። «አባትሽ እንዴት ነው የሚነዳው?»

«በደንብ» አልኩ።

«በደንብ ማለት?»

«በጥንቃቄ።»

«ድሮ እኮ ከጥይቱ በፊት ጥይቱ እሱ ነበር።»

ካንዴላዎቹን መጥረግ ያዝኩ። ዝምታዬን ሰው ስለለመደው ደግ ነው።

በኋላ ገመድ ላመጣ ወደ ቤት ስገባ እማዬና ጋሽ ብሎን በር ላይ ነበሩ። እማዬ «ሞተሩን ብቻ ነው ያየኸው?» ስትለው ሰማሁ።

«ሞተሩን እንዳይ ነው የተጠራሁት» አላት።

«እሱስ ኩሩ ነው። እስኪናገር እጠብቃለሁ።»

ምን እስኪናገር እንደሆነ አላውቅም። ሲያዩኝ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ።


ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

መብራቷ ጠፋች። ትላንትም ዛሬም የለችም። አባዬ አዲሱን ዘይት እየጠራ እያመሰገነው ነው የዋለው። ለእማዬ ከወዲያ ማዶ ሰማያዊ ክር ገዛላት። አረንጓዴ ነው ያመጣው። እማዬ «ይሄንን ነበር የፈለግኩት» ብላ ስማ ተቀበለችው።


ኅዳር 21፣ ዓርብ

አባዬ አዲስ ጨዋታ አምጥቷል። ከኋላ አስነስቶ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ያስቀምጠኛል። «ሐይቁን ላስተምርሽ» ይላል። «ምን ይታይሻል?»

«ውሃ።»

«እሱንማ ዓሣም ያየዋል። ሌላስ?»

በቃል መናገር ስለሚከብደኝ መጀመሪያ በእጄ አሳየሁት። «በእጅ አይሆንም፤ በቃል» አለኝ። ስለዚህ ዝቅ ባለ ድምፅ እነግረዋለሁ፤ በስተቀኝ ሸምበቆ፣ በስተግራ የመረብ ተንሳፋፊ፣ ፊት ለፊት ባዶ። እሱም በነገርኩት በኩል ያዞራል። ጥሩ አስተማሪ ነው።

መሳፈሪያው ምሰሶ ላይ አንድ ሰው ትልቅ ነጭ ጨርቅ አስሮበታል። ከሩቅ ይታያል። ጠርዙ በጥንቃቄ ተቀምቅሟል። ያ ስፌት የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለምን እንዳሰረችው ግን አልጠየቅኳትም።


ኅዳር 25፣ ማክሰኞ

አባዬ ሳያየኝ ዘንጉን መዘዝኩት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ላይ ደርሷል። አሸተትኩት።

ለማንም አልተናገርኩም። አሁንም በዝግታ ነው የምንሄደው። ዛሬ ዳክዬ ቀደመችን፤ ተሳፋሪው ሁሉ አጨበጨበላት። አባዬ «እሷ ሰው አልጫነችም» አለ።

ልነግረው አፌን ከፍቼ «አባዬ» አልኩት። «ወዬ» ሲለኝ «በርዶሃል?» ብዬ ጠየቅኩት። ፈሪ ነኝ። ጃኬቱን አለበስኩት፤ ቁልፉን አዛንፎ ስለቆለፈው ፈትቼ ቆለፍኩለት። እንደ ሕፃን ቀጥ ብሎ ቆመልኝ።


ኅዳር 27፣ ኀሙስ

ዛሬ የሆነውን ቶሎ ልጻፈው።

ጠዋት ጀልባዋን ሰው ሞልተን ወጣን። እኔ አፍንጫው ላይ ነበርኩ። አባዬ ጨዋታውን ገና አልጀመረም፤ ከአንዱ ጋር ስለ ከብት ዋጋ ይጨቃጨቃል። ከሸምበቆው ወጣ ስንል ፊት ለፊታችን አንድ ሽማግሌ ትንሽ ታንኳው ላይ ጎንበስ ብሎ መረቡን ይስባል። ጀርባውን ሰጥቶናል። አባዬ ያዞራል ብዬ ጠበቅኩ። ወሬውን አላቋረጠም። ዘወር ብዬ አየሁት። ዓይኑ ቀጥታ ሽማግሌው ላይ ነው፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም የለም፣ ባዶ ውሃ እንደሚያይ ሰው።

ድምፄ ጠፋ። እጄን አነሳሁ፤ እጄንም አላየም። ከዚያ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ «ግራ! አባዬ፣ ወደ ግራ!» ብዬ ጮህኩ።

እጀታውን ጠመዘዘው። ጀልባዋ አጋደለች፣ ዕቃ ተንከባለለ፣ ሽማግሌው ቀና አለ። ክንድ በማይሞላ ርቀት አለፍነው። ታንኳው ከኋላችን ማዕበል ላይ ስትወዛወዝ «ዓይን የላችሁም እንዴ?» ሲል ሰማነው።

ተሳፋሪው የተንከባለለውን ዕቃ ሰበሰበ። ከዚያ አንዷ «ማን ነው የጮኸው?» አለች።

«ጭምቷ ናት።»

«ውሸት።»

አባዬ ሳቅ ሊል ሞከረ። «ድምፅ አላት ለካ፤ እስከ ዛሬ ቆጥባው ነው» አለ። እጀታውን ግን እስከ ማዶ ድረስ በሁለት እጁ ጨብጦ ነው የነዳው። ሰው አውርደን ስንመለስ ለተራ አስከባሪው «ሞተሩ ታሟል፤ ለጥቂት ቀን ራሴን ከተራ አውጥቻለሁ» አለው።

ነገ ዛሬ ሽማግሌው መጥቶ የሆነውን ሲነግረው ግን ለዘላለም ነው የሚያወጣን።

ጉም ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉም አለ።


ኅዳር 28፣ ዓርብ

ጉም አልነበረም።


ኅዳር 29፣ ቅዳሜ

አባዬ ዳር ላይ የተጎተተችው ጀልባችን ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ምንም አይሠራም። ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅኩ ኮፈኑን ከፈትኩና ዘንጉን መዝዤ ሰጠሁት።

«እንደገና ጨምሯል» አልኩት።

ዘንጉን አላየውም። ዘይቱን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ወደ አፍንጫው ወሰደው።

«ቤንዚን» አለ።

«ቤንዚን» አልኩ።

«ብሎን ምን አለሽ?»

«ሞቆ አያውቅም አለ። እንደ አራስ እያስታመመ የሚነዳው ሰው አለ አለ።»

ሳቀ፤ ሳቁ መሃል መንገድ ላይ ቀረ። ውሃው ጠጠሮቹን ሲያንኳኳ ይሰማል።

«ስፈጥን ውሃው ሁሉ አንድ ይሆንብኛል» አለኝ። «ቀስ ስል ትንሽ ትንሽ ይለይልኛል። ሰው ነው የጫንኩት ልጄ። የሰው እናት፣ የሰው ልጅ። ምን ላድርግ፣ ቀስ አልኩ። ለሰው ስሳሳ ሞተሩን ገደልኩት።»

ጨርቅ አንስቼ ዘይት የነካውን ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረግኩለት። ሌላኛውን እጁንም ሰጠኝ፤ ንጹሕ ነበር፤ እሱንም ጠረግኩት።

«ሞተሩ አልሞተም» አልኩት በመጨረሻ። «አዲስ ዘይት ነው የሚፈልገው። ከዚያ መፍጠን።»

«እኮ ማን ያፍጥነው?»

ዝም አልኩ። ይህቺ ግን የወትሮዋ ዝምታ አልነበረችም። ገባው መሰለኝ፤ ፊቱን ወደ እኔ አዞረና ቆየ።

«ለእናትሽ አትንገሪያት» አለኝ።

«ምሰሶው ላይ ነጩን ጨርቅ ማን የሰቀለው ይመስልሃል?»

አፉ ተከፈተ። «እኔ እኮ፣ ይሄን የሰቀለ እጁ ይባረክ፣ እያልኩ ነው የከረምኩት።»

«ተባርካለች» አልኩት።

ማታ ሦስታችን ስንቀመጥ እማዬ ምንም አላነሳችም። ሻዩን ቀድታ እጁን ይዛ ብርጭቆው ላይ አኖረችለት፤ እጇንም ቶሎ አላነሳችም። «ረቡዕ ወዲያ ማዶ የዓይን ሐኪም ይመጣል፤ ይዤው የምሄደው ሰው አለኝ» አለች፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ።

«ማን ነው?» አለ አባዬ።

«አንድ ካፒቴን።»

«ኩራተኛ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ነው» አለች እማዬ፤ «ግን ይመጣል።»


ኅዳር 30፣ እሑድ

ጋሽ ብሎን በማለዳ መጥቶ ዘይቱን ቀየረ። ሲጨርስ ካቻቪቴውን ጠራርጎ «በሉ፣ አሁን አሩጡት» አለ። ማን እንደሚያሮጠው አልጠየቀም። ብሎኖቹን እያንኳኳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

አባዬ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ፣ እኔ የነበርኩበት ቦታ ተቀመጠ። እኔ ኋላ፣ እጀታውን ያዝኩ። ሲነሳ ንዝረቱ እስከ ትከሻዬ ወጣ። ይህን ያህል ዘመን አጠገቡ ተቀምጬ ከውስጥ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቅን። ከዚያ ከሸምበቆው ወጣን።

«ጋዝ ስጪው» አለኝ።

«ሰጥቻለሁ።»

«እሱ መስጠት ነው? አራስ አስታማሚ እኮ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ጨምሪ።»

ጨመርኩ። የጀልባዋ አፍንጫ ተነሳ፤ አባዬም አብሮ ተነሳ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። ዓይኑን ጨፍኗል። ዓይኑን ጨፍኖ ሐይቁን ነገረኝ፤ አሁን የሸምበቆ ሽታ ይመጣል አለ፣ መጣ። አሁን ነፋሱ ከግራ ይገፋሻል፣ አጥብቀሽ ያዢ አለ፣ ገፋኝ። አሁን ከሥር ድንጋይ አለ፣ ሰፋ አድርገሽ ዙሪ አለ፤ እኔ በዓይኔ ያላየሁት ድንጋይ ነው። እኔም የሚታየኝን ነገርኩት፤ ተንሳፋፊውን፣ ታንኳውን፣ ጥይቱን። ለካ ነፋስ ባለበት ለመሰማት መጮህ ግድ ነው። ጮህኩ። ማንም አልሞተም።

ያንን ሽማግሌም መረቡ ጋ አገኘነው። ከሩቅ ፍጥነት ቀንሼ በሰፊው ዞርኩለት። አባዬ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ «የኀሙሱ ጥፋት የኔ ነው አባቴ፤ ይቅር በሉኝ» አለ። ሽማግሌው እኔን አየኝ፣ እጀታውን አየ፣ «እንዲህ ከሆነስ» ብሎ ወደ መረቡ ተመለሰ።

ስንመለስ ሞተሩ ድምፁ ተለውጧል። አይንተከተክም፤ ይዘፍናል። መሳፈሪያው ጋ ጋዙን ለቀቅኩትና በዝግታ እየሠራ ተውኩት፤ ያቺን መብራት ጠበቅናት። አባዬ «በራች?» አለ። «አልበራችም።» ትንሽ ቆይቶ «አሁንስ?» «አልበራችም አባዬ።» ጋሽ ብሎን ከድንጋዩ ላይ «ተዋት፤ የምትለውን ብላ ጨርሳለች» አለን።

ማታ ቤት ስንገባ ለተራ አስከባሪው ማን ይንገረው የሚለው ቀረ። አባዬ «እኔ እነግረዋለሁ» አለ። እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ «እኔ ልንገረው» አልኩ። እማዬ መርፌዋን አቆመች። አባዬ «አንቺ?» አለ፣ ግን ሳቅ አልነበረበትም።

የምለውን ለእማዬ በቃሌ ወጣሁላት። «ትንሽ ጮክ በይ፤ እዚያ ሞተር አለ» አለችኝ። ጮክ አልኩ።

ነገ ከሁሉም ቀድሜ መሳፈሪያው ላይ እገኛለሁ። ተራ አስከባሪው ፊሽካውን አንገቱ ላይ ሲያደርግ እቀርበውና «ጋሼ፣ ሞተሩ ደህና ነው። የአባቴ ዓይን ነው የታመመው። ከእንግዲህ ጀልባዋን እኔ እይዛለሁ፤ እሱ ፊት ተቀምጦ መንገዱን ይነግረኛል። መጀመሪያ እርስዎ ብቻዎን ይሳፈሩና ይዩኝ» እለዋለሁ። ሳቅ ቢል አልሄድም። ድምፄ ቢጠፋ እስኪመለስ ድረስ እዚያው እቆማለሁ። እሺ ካለኝ ደግሞ ወደ ጥይቱ ጀልባ ሄጄ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አስተማሪዋን እጠራታለሁ። «ቲቸር፣ በኛ ነይ» እላታለሁ፤ «ከደወሉ በፊት እንደርሳለን።»